የተነጠቀ ልጅነትና የታደሰ ቤት

ትምህርት ቤት የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ ልባችን የሚያስበው ብርሃንን ነው። በዚሁ እምነት እናስተምራለን፤ ወላጆችም በዚሁ እምነት ልጆቻቸውን በአደራ ይሰጡናል። ነገር ግን በካናዳ አገር ትምህርት ቤት የተባለው ሥፍራ ልጅን ከወላጆቹ ለመለየትና ቋንቋውን ለማስረሳት የተሠራበት ዘመን ነበረ፤ ስለዚህ ታሪኩን መመርመር በትምህርት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሁሉ ይጠቅማል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከ1880ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የካናዳ መንግሥት ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ተባብሮ ለነባር ሕዝቦች ልጆች ብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። በ1920 የወጣው ሕግም ልጆቹን በግድ ለማስገባት ሥልጣን ሰጠው። የመጨረሻዎቹ በ1990ዎቹ እስኪዘጉ ድረስ 150,000 ያህል ልጆች በእነዚህ ቤቶች አለፉ። ሕፃኑ በገባ ጊዜ ጠጕሩ ይቈረጣል፤ ልብሱ ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜም በስሙ ፈንታ በቍጥር ይጠራል፤ በእናቱ ቋንቋ ቢናገር ይቀጣል። ብዙዎች ተደበደቡ፣ ተደፈሩ፣ ተራቡ፤ ስማቸው በመዝገብ የተገኘው ሙታን ብቻ ከ4,000 ይበልጣሉ።

የእኛ የቆሎ ተማሪም ከቤቱ ርቆ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ይማራል። ነገር ግን እርሱ የሚደክመው የአባቶቹን ዕውቀት ለመውረስ ነው፤ የካናዳው ልጅ ግን አባቶቹን እንዲያፍርባቸው ተማረ። እንግዲህ ነፍስን የሚሰብረው ከቤት መራቁ ብቻ ሳይሆን የራቁበትን ቤት መናቅ ጭምር ነው።

ጉዳቱም በትምህርት ቤቱ ደጃፍ አላበቃም። የአባትን እቅፍ ሳያውቅ ያደገ ልጅ፣ አባት በሆነ ጊዜ እቅፍን ከማን ይማረዋል? ስለዚህ ብዙዎች ሕመማቸውን በመጠጥ ለመርሳት ሞከሩ፤ ሕመሙም ወደ ልጆቻቸው ተላለፈ።

ሆኖም የፈረሰው እንደገና መሠራቱን የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አልካሊ ሌክ በተባለው መንደር፣ ሕዝቡ በስካር ተይዞ ሳለ ሴት ልጃቸው ወደሚጠጡ ወላጆቿ ቤት አልመለስም ባለች ጊዜ፣ ወይዘሮ ፊሊስ ቼልሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መጠጥ ተዉ፤ ባለቤታቸው አቶ አንዲ ቼልሲም ተከተሉ። ሁለቱም የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ ብቻቸውን ቆሙ፤ አቶ አንዲ የመንደሩ አለቃ ከሆኑ በኋላ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እየደገፈ፣ የአባቶችም ሥርዓት እየተመለሰ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ አብዛኛው ሕዝብ ከመጠጥ ተላቀቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በአልበርታም ብሉ ክዊልስ የተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ በ1970 የነባር ሕዝቦች ወላጆች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አንወጣም አሉ፤ አስተዳደሩንም ተረከቡ። ቋንቋቸው ይከለከልበት የነበረው ያ ሕንፃ ዛሬ የክሪና የዴኔ ቋንቋዎች የሚሰጡበት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

መንግሥት በ2008 በፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ እውነትን ለመመርመር የተቋቋመው ኮሚሽንም ከ6,000 የሚበልጡ ምስክሮችን ሰምቶ በ2015 ለመንግሥትና ለሕዝብ 94 ጥሪዎችን አቀረበ። ይቅርታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው በሕፃንነቱ ተቀጥቶበት የነበረውን ቃል ለልጅ ልጁ ሲያስተምር የሚሠራውን ሥራ ምንም ዓይነት አዋጅ አይሠራውም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ልጅ ወደ እኛ ሲመጣ ባዶ እንስራ ሆኖ አይመጣም፤ እናቱ ያስቋጠረችውን ስንቅ ይዞ ይመጣል። የእኛ ሥራ በዚያ ላይ መጨመር እንጂ ያንን መድፋት አይደለም።