የጥፍር ቀለም

ሄሊኮፕተር በኪት ስትገዙ የሚመጣላችሁ ሄሊኮፕተር አይደለም። ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ፌስታሎች፣ ፌስታሎቹ ውስጥ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ብሎኖች፣ ኩሽኔታዎች፣ ጥርሶች፣ ጥቋቁር የካርቦን ፋይበር ቁራጮች አሉ። ማኑዋሉ ከጽሑፍ ይልቅ ስዕል ይበዛዋል። አባቴ አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ያለ አስተርጓሚ ያነበበው የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው።

የኔዋ 450 የሚባለው መጠን ናት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከነባትሪዋ ከአንድ ኪሎ በታች። መጫወቻ ትመስላለች። ግን ክንፉ በደቂቃ 2,600 ጊዜ ሲዞር (ለዚህ መጠን የተለመደ ነው) ጫፉ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከዚህ ተለቅ ያለ የራሱን ሞዴል ሲያበር ክንፉ መትቶት ሞቷል። እና እዚህ ጨዋታ ላይ የላላ ብሎን የሚባል ቀልድ የለም።

አባቴ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የሚ-8 ሄሊኮፕተር ቴክኒሽያን ነበር። ይህን ድሮም አውቃለሁ። የማውቀው ግን የደም ዓይነቱን እንደማውቀው ነው፤ አውርቶኝ አያውቅም። እናቴ ካረፈች በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ መጣ። ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ወሬያችን እዚያው ያልቃል።

ኪቱን ለእሱ ብዬ አልገዛሁትም። ለራሴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልግ ነበር። (ሴት ልጅ ምን ነካት ለምትሉ፦ ምንም።) ሦስተኛው ቀን ማታ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሬ ሳለ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ስዕሉን አየና «በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለኝ።

«ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ።»

«የራሺያ ነዋ!»

የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች በአብዛኛው የሚዞሩት በተቃራኒው ነው። ሚ-8 ግን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፣ አብዛኞቹ ሞዴሎችም እንደዚያው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ቀን ማታ ስድስት ወር ሙሉ ካወራነው የበለጠ አወራን። የሚ-8 ክንፍ አምስት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ያልፋል፣ የሚዞረው ግን በደቂቃ 192 ጊዜ ብቻ ነው። ትልቅ ነገር ቀስ ይላል፣ ትንሽ ነገር ይቸኩላል አለኝ። እኔን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

እጁ ይንቀጠቀጣል። የ2 ሚሊ ሜትር ብሎን መያዝ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ምንጣፉ ላይ ፈለግንለት። ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር ሥራ ተከፋፈልን። እኔ እጅ ሆንኩ፣ እሱ ዓይንና ጆሮ። ኩሽኔታ ሁሉ ጆሮው ሥር ሳይሽከረከርለት አያልፍም። ሞተሩና ትልቁ ጥርስ ሲገናኙ ብጣሽ ወረቀት መሐላቸው አስገብተን ነው ያሰርነው፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ተጨማዶ ከወጣ ክፍተቱ ልክ ነው። ማታ ሥራ ስንጨርስ መሣሪያዎቹን ያስቆጥረኛል። ሰባት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ መቁረጫ። አንድ ከጎደለ መኝታ የለም።

ከፋብሪካው ተገጣጥሞ የመጣውን የክንፉን መያዣ ሳይቀር ካልፈታሽው አለኝ።

«ተጠብቆ እኮ ነው የመጣው።»

«ማን ነው ያጠበቀው?»

«ፋብሪካው።»

«ስሙ ማነው?»

ፈታሁት። ብረት ብረት ውስጥ የሚገባ ብሎን ንዝረት ስለሚፈታው ጥርሱ ላይ የምታጣብቅ ሰማያዊ ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል (ፕላስቲክ ላይ አይደረግም፣ ሊሰነጥቀው ይችላል)። ከፈታናቸው አንዱ ደረቅ ነበር። አባቴ ምንም አላለም። ዝም ብሎ አየኝ ብቻ።

በጣም የወደድኩት ስዋሽፕሌቱን ነው። ሁለት የተደራረቡ ሳህኖች አስቡ። የታችኛው አይዞርም፣ የላይኛው ከክንፉ ጋር ይዞራል። ሦስት ትንንሽ ሞተሮች የታችኛውን ወደ ፈለጉት ጎን ያዘነብሉታል፤ የላይኛው አብሮ ያዘነብልና እያንዳንዱ ክንፍ በዞረ ቁጥር አንዴ ቀና አንዴ ደፋ ይላል፣ በሰከንድ ከ40 ጊዜ በላይ። ግራ የሚያጋባው ሌላው ነው። የሚሽከረከር ነገር የገፋችሁት ቦታ ላይ አይታዘዝም፣ ሩብ ዙር ቆይቶ ነው የሚታዘዘው። ስለዚህ ትእዛዙ 90 ዲግሪ ቀድሞ መድረስ አለበት። እኔ ይሄን ከቪዲዮ ላይ አምስቴ አይቼ አልገባኝም ነበር። አባቴ «እናትሽ እንዝርት ስታሾር ነክተሽባት አታውቂም?» አለኝ። ነክቼ አውቃለሁ። ወደ ገፋሁት ሳይሆን ወደ ጎን ነበር የሚሸሸው። ስሟን ካነሳ ቆይቶ ነበር።

ሁሉም ብሎን ከታሰረ በኋላ ቀይ ቀለም አምጪ አለኝ። ብሎኑ ራስ ላይ ጀምሮ የታሰረበት አካል ላይ የሚያልቅ ቀጭን መስመር ይሰመራል። ብሎኑ ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፣ በዓይን ይታያል። ቤት ውስጥ የነበረው ቀይ ቀለም የኔ የጥፍር ቀለም ነው። በጣም ተስማማው። አንድ በአንድ ሳሰምር ተቀምጦ ያያል። ድንገት ማውራት ጀመረ።

ከበረራ በፊት ፎርም አለ፣ ቴክኒሽያኑ ይፈርማል፣ ከዚያ አብራሪው ይነሳል። አንድ ጊዜ ፈረመ፣ ሄሊኮፕተሩ ወደ ሰሜን ሄደ፣ አልተመለሰም። ተመትቶ ይሁን ተበላሽቶ የነገረው ሰው የለም። ጊዜው የጦርነት ነው፣ ስብርባሪ አልመጣም። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ፎርም ፈረመ።

«የጅራቱን ብሎን አጥብቄዋለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሁልጊዜ እንደማጠብቀው አውቃለሁ። ያን ቀን ማጥበቄን ግን አላስታውስም።»

እናቴ ታውቅ ነበር? አልጠየቅኩትም። ያንተ ጥፋት አይደለም የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ከ30 ዓመት በላይ ያላወቀውን እኔ በምን አወቅኩት? ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ የጅራቱ ብሎን ላይ ሰመርኩ። አጎንብሶ አየ። «ደግሞ እዚህ ጋ» አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማብረር አይቻልም። ከዋሽንግተን ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞዴልም ቢሆን መነሳት የለበትም። ከ250 ግራም በላይ ስለሆነችም ተመዝግባ ቁጥር ወጣላት፤ አባቴ ቁጥሩን ጅራቷ ላይ ሲለጥፍ እጁ ብዙም አልተንቀጠቀጠም። ቅዳሜ ጠዋት ርቀን ነዳን። እግሯ ሥር ጫፋቸው ኳስ ያላቸው የተጠላለፉ ዘንጎች አሰርንላት፣ ለጀማሪ እንዳትገለበጥ።

መጀመሪያ የሚታየው ሁለቱ ክንፎች አንድ መስመር ላይ መዞራቸው ነው። አንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ይለጠፍና ከጎን ይታያል። አባቴ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ በርከክ አለ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ሣሩ ተኛ።

«ሁለት ነው የሚታየኝ!» ብሎ ጮኸ።

አጠፋሁ። የአንዱን ክንፍ ማያያዣ ግማሽ ዙር አዞርኩ። እንደገና አስነሳሁ።

«አንድ ሆነ።»

ማስታወሻ ደብተሩን ዘረጋና ቀኑን ጻፈ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ተቀበለኝና ከሥሬ እሱም ፈረመ፣ ቀስ ብሎ፣ የአባቱን ስም ጨምሮ።

ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ተነሳች። አራት ደቂቃ አካባቢ፣ እየዋዠቀች፣ ጅራቷ ወደኔ እንደሆነ። ሳወርዳት ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዝቅዟል። አባቴ ክንፉ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ተጠጋ፣ ሞተሩን በእጁ ጀርባ ነካ። መነጽሩን አውጥቶ ቀያዮቹን መስመሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ጅራቱ ጋ ሲደርስ መነጽሩን ጠረገና ደግሞ አየ።

«ሁለተኛውን ባትሪ አምጪው» አለኝ።