የአሻንጉሊት ወጌሻ

ወጌሻ ነኝ ብል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሮ፣ አሁን ደግሞ በጋዜጣ ዓምድ ላይ ሰው ሲነካካ የሚውል ጎልማሳ ከአጥንትና ከጅማት ጋር ምን አገናኘው? እውነት ነው፣ የሰው አጥንት አሽቼ አላውቅም። የገጠምኩት የአንዲት አሻንጉሊት ክንድ ነው። ለመግጠም አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። ለመገንጠል ግን፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት አዲስ አበባ ይኖር በነበረ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ቤት በሞግዚትነት ነው። የፈረንጆቹን ልጅ ከአራስነቷ ጀምሮ አጥበው፣ አብልተው፣ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ልጅ፣ እኔ እታለም የምላትን፣ ገጠር እናታቸው ዘንድ ትተዋት ነበር። ደመወዝ ሲቀበሉ ጫማ ገዝተው ይልካሉ፤ ጫማው እስኪደርስ የልጅቱ እግር ያድጋል። ዛሬ ቤይሩትና ሪያድ የሰው ልጅ ታቅፈው የራሳቸውን በስልክ የሚያሳድጉትን ባሰብኩ ቁጥር ያ ጫማ ትዝ ይለኛል።

በ1967 ዓ.ም. ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው ሄዱ። እትዬም ልጃቸውን ከገጠር አስመጡ። እታለም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሰባት። ፈረንጆቹ ሲሄዱ «ለልጅሽ» ብለው የሰጧቸው አንዲት አሮጌ አሻንጉሊት ነበረች። ፊቷ እንደ ሲኒ ከነጭ ሸክላ የተሠራ ነው፤ ግን አያብረቀርቅም፣ የሰው ገላ ይመስላል። ዓይኖቿ ብርጭቆ ናቸው፣ ሲያስተኟት ይከደናሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን መገጣጠሚያዋ ነው፤ ክንዷ ከትከሻ፣ ከክርንና ከእጅ አንጓ፣ እግሯ ከዳሌና ከጉልበት ይታጠፋል።

እትዬ ምን አደረጓት መሰላችሁ? በፌስታል ሸፍነው ብፌው ላይ ሰቀሏት። «ማንም እንዳይነካት!» ለእታለም ተብላ የመጣች አሻንጉሊት እታለም አንድ ቀን አልታቀፈቻትም።

አንድ እሑድ እትዬ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት። እታለም በሩ ጋ ቆማ «ተው» አለችኝ። እኔ ግን ያ ክንድ በምን እንደተያያዘ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ያዝኩና ሳብኩት። ጧ! የሆነ ነገር ውስጧ ተበጠሰ፤ እጅ፣ እግር፣ ክርን፣ ጉልበት በየፊናው ተበተነ። ጭንቅላቷ ብቻ ፍራሹ ላይ አርፎ ተረፈ።

እትዬ ተመለሱ። «ማን ነው የሰበራት?»

ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ደግ ነበር። ዞሬ እታለምን አየኋት። እትዬም ዓይኔን ተከትለው አይዋት። ቁንጥጫውን የቀመሰችው እሷ ናት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ከገጠር ከመጣች ገና ወሯ ነው፣ እዚያ ቤት ውስጥ የመናገር መብት ይኑራት አይኑራት አላወቀችም። እትዬ ስብርባሪውን በብስኩት ቆርቆሮ ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ነገሩም አበቃ። ለእነሱ፣ ማለቴ ነው።

አምና እትዬ አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ ዕቃ ስንለይ ቆርቆሮው ብቅ አለ። እታለም ከፈተችው፣ አየችው፣ መልሳ ዘጋችው። «ጣሉት» አለች። «እኔ ልውሰደው» አልኩ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከወጣቶቹ አንዱ «እንዲህ ያለው ነገር እኮ ውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል» ብሎ ቤተሰቡን ለሁለት ቀን አስጎመጀ። ጀርመን የሚኖር የድሮ ተማሪ አለኝ፤ ፎቶግራፍ አንስቼ ላክሁለት። ማጅራቷ ላይ «390» የሚል ቁጥርና «ኤ» እና «ኤም» የሚሉ ፊደላት ተቀርጸዋል። እዚያ አገር የአሻንጉሊት ሐኪም የሚባል ሙያተኛ አለ። ተማሪዬ አንዱን ጠይቆ መልሱን በስልክ ነገረኝ። የአርማንድ ማርሴይ ፋብሪካ ሥራ ናት፤ ከዞነበርግ ከተማ አጠገብ፣ ኮፐልስዶርፍ በምትባል መንደር የነበረ ፋብሪካ። 390 ቁጥር ግን እጅግ በብዛት የተመረተ በመሆኑ በሰብሳቢዎች ዘንድ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ሚሊዮኑ በዚሁ ቀረ።

ተማሪዬ አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ፤ እኔም አንብቤ አረጋገጥኩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ዞነበርግና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ለዓለም አሻንጉሊት ያቀርቡ ነበር። ብዙው ሥራ የሚሠራው በድሆች ጎጆ ውስጥ ነው። አንዱ ቤት እጅና እግር ይቀርጻል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ልብስ ይሰፋል። ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር እስከ ሌሊት ይሠራሉ። እጃቸው ያለፈበት አሻንጉሊት በመርከብ ተጭኖ ለሀብታም ልጅ ይሄዳል፤ እነሱ አይታቀፉትም። ይህን ስሰማ ብፌውንና ከሥሩ አንጋጣ የምታይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አየሁ።

ወደ ሕክምናው እንመለስ። በሽተኛዋን ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፌ ዘረጋኋት። ገላዋ ከሰጋቱራ፣ ከወረቀት ብስባሽና ከሙጫ ተቦክቶ የተሠራ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ይዞ ያቆማት ላስቲክ ነበር። አንዱ ላስቲክ ከቀኝ እጅ አንጓ ተነሥቶ፣ በክርንና በትከሻ አልፎ፣ ደረቷን አቋርጦ ግራ እጅ ላይ ይያዛል። ሌላው ከሁለቱ እግሮች ተነሥቶ አንገቷ ውስጥ ካለው ሜንጦ ላይ ይንጠለጠላል። ማለት እግሯ ካልተወጠረ አንገቷም አይቆምም። እኔ በሰባት ዓመቴ የበጠስኩት ያንን ነው፤ ያኔውኑም አርጅቶ የነበረ ይመስለኛል። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም... ትንሽም ቢሆን ለማቅለል ነው።

የከፋው ጉዳት ግን ክርኗ ላይ ነው። እንደ ጉልጥምት የሚዞረው የእንጨት ኳስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ፣ ከንፈሩ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ተቆርሷል። አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም አገኘሁ። ኳሱ ከክንዱ ጋር በሙጫ ተጣብቋል። ይህን እኔ አልሠራሁትም። እታለምም አልሠራችውም። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ያለው እትዬ ዘንድ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት፣ ሰው ሳያያቸው፣ ለመጠገን ሞክረዋል ማለት ነው። ምስኪን እትዬ! መገጣጠሚያ አጣብቀውት አይድንም፤ መገጣጠሚያነቱ ያበቃል።

ሐኪሙ በተማሪዬ በኩል ያዘዘልኝ እንዲህ ነው። ውሃ ጠላቷ ስለሆነ አንዳትነክራት፤ የሙጫውን ጠርዝ ብቻ በራሰ ጥጥ እያለሰለስክ በወስፌ ፈልቅቀው። በየሱቁ የሚሸጠውን ቶሎ የሚይዝ ሙጫ አታስጠጋት። ያልኩትን አደረግሁ፤ ሙጫውን ለማስለቀቅ ብቻ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ሰጋቱራ በወንፊት ነፍቼ በእንጨት ኮላ አቦካሁ። ኳሱን በስስ ፌስታል ጠቅልዬ ቦታው ላይ አስቀመጥኩና ሊጡን በዙሪያው ቀባሁ፤ ጎድጓዳው የኳሱን ቅርጽ እንዲይዝ፣ ኳሱ ግን እንዳይጣበቅ። አንድ ስስ ድርብ ቀብቶ አንድ ቀን ማድረቅ፣ ደግሞ መድገም፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። በሐምሌ ዝናብ ምን እንደሚደርቅ እናንተው ገምቱ።

ላስቲክ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ «ለቦላሌ ነው፣ ለፒጃማ?» አለኝ። «ለክንድ ነው» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ዋጋ ጨመረብኝ።

ጥበቡ ሁሉ ውጥረቱ ላይ ነው። ላላ ካደረግኸው ራሷ ይዘነበላል፣ እግሯ አይቆምም። አጥብቀህ ከወጠርከው የሸክላው አንገት ይሰነጠቃል፣ የእጇም ቀለበት ይነቀላል። ልክ ነው የሚባለው፣ ክንዷን ባነሣኸው ቦታ ሲቆይ፣ መልሰህ ስታወርደው ደግሞ እሺ ሲል ነው። ሦስት ጊዜ አሥሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። አንገቷ ሥር ሸክላው እንዳይፋቅ ስስ ቆዳ አኖርኩለት። ክርኗን ቀለም እንዳልቀባው ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል፤ ጥገናው ቢታይ ይሻላል፣ የነበረውን ቀለም ከሸፈንከው አይመለስም ብሎ። ስለዚህ ክርኗ ላይ የእንጀራ ዓይን የሚያክል ጠቆር ያለ ምልክት ቀረ።

በመስከረም አንድ እሑድ አሻንጉሊቷን ይዤ እታለም ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገድ ላይ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ አስተማሪ ንግግር አያጣም። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ግን ቀደመችኝ። አሻንጉሊቷን ዙሪያዋን ካየች በኋላ ጣቷን ክርኗ ላይ አሳረፈች።

«ማን ነው የሰበራት?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚህኛው ግን ዓይኔን ወደ ማንም አላዞርኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በሰባት ዓመቴ። አያትሽ ናት እንዲባል ዝም አልኩ።»

ለእታለም አዲስ ነገር አልነገርኳትም፤ እዚያው ነበረች። ሲኒ መደርደሯን አላቆመችም።

«ቁንጥጫው እንኳ ወዲያው ነው የለቀቀኝ፣ ወንድምዓለም» አለች በመጨረሻ። «የእናት ቁንጥጫ ምን አለበት? እጇ ገላዬን ሲነካ እኮ ገና ሁለተኛዬ ወይ ሦስተኛዬ ቢሆን ነው።» ጀበናውን አስቀመጠች። «ማታውን ነው እንጂ። የተኛሁ መስሏት ስብርባሪዋን እየለቀመች፣ የዚያችን የፈረንጅ ልጅ ስም እየጠራች አለቀሰች። የቆነጠጠችው እኔን፣ ያለቀሰችው ለእሷ።»

ምን ይመለሳል? ሃምሳ ዓመት ስለ ቁንጥጫው ሳፍር ኖሬያለሁ፤ እሷን ያመማት ሌላ ቦታ ነው። ደህና ወጌሻ እጁን ከማሳረፉ በፊት «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ስለ ሙጫው ነገርኳት። እናቷ ሌሊት ብቻቸውን ለመጠገን ሞክረው እንደነበር። ለእሷ ሊሰጧት አስበው ይሁን፣ ያቺን ሌላዋን ናፍቀው ይሁን እኔ መፍረድ አልችልም፤ ለእሷም አልፈረድኩላትም። አሻንጉሊቷን ተቀበለችኝ። ክንዷን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ወደ ላይ አነሣችው። ቆየ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለልጅ ልጇ ሰጠቻት።

«እንኪ፣ ተጫወቺባት።»

«ኧረ አንገቷን!» ብዬ ጮህኩ። «ሸክላ እኮ ነው፣ መቶ ዓመት ያለፋት ናት...»

«እዚህ ቤት ብፌ ላይ የሚሰቀል አሻንጉሊት የለም» አለችኝ እታለም፤ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።

ከመርካቶ ከገዛሁት ላስቲክ አንድ ሜትር ያህል ተርፎኛል። አልጣልኩትም።