ልጓሙ ብቻ ተመለሰ

እኛ የጋሪ ነጂ ልጆች ነን። ይህን አስቀድመን መናገራችን ለኩራትም ለእፍረትም አይደለም፤ ከዚህ በታች ስለ ፈረንጅ ፈረስ ስንጽፍ አንባቢ «እነዚህ ደግሞ ምን ቤት ናቸው?» እንዳይለን ብቻ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ነን። ያደግነውም ደብረ ብርሃን፣ ቦራ የሚባል ፈረስ ጎትቶ ባመጣው እንጀራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ዶርማችን ውስጥ ነው። አንድ ጓደኛችን በላፕቶፑ የድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ፊልም ከፈተ። ዝም ብሎ በለጥ ያለ ሜዳ የሚጋለብ አይደለም፤ እንግሊዞችና አይሪሾች የሚወዱት፣ ፈረሱ አጥርና ቦይ እየዘለለ የሚሄድበት ዓይነት ነው። እንደሚተረከው በ1752 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ እንቆጥራለን) በአየርላንድ፣ ኮርክ አውራጃ፣ ሁለት ሰዎች ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት እስከ ሌላው ጉልላት፣ በመንገድ ያገኙትን ቅጥር ሁሉ እየዘለሉ ተወራረዱ። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ስምም ከዚያው ጉልላት የመጣ ነው።

ፊልሙ የ1973ቱ ግራንድ ናሽናል ነበር። ይህ ሊቨርፑል አጠገብ፣ በኤይንትሪ ሜዳ በየዓመቱ የሚደረግ፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋና 30 ዝላይ ያለበት ውድድር ነው። ክሪስፕ የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ ግዙፍ ፈረስ ሌሎቹን ጥሎ ብቻውን ይነጉዳል። እዚያ ደንቡ ለጎበዝ አያዝንም፤ ጎበዝ የተባለ ፈረስ ሸክም ይጨመርበታል። ክሪስፕ 76 ኪሎ ተሸክሟል፤ ከኋላው የሚመጣው ሬድ ረም ግን ከሱ ከ10 ኪሎ በላይ የቀለለ ነው። የመጨረሻው ዝላይ ካለፈ በኋላ ክሪስፕ ጉልበቱ ከዳው፣ እግሩ ተሳሰረ፣ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ። መድረሻው ላይ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ሬድ ረም አለፈው። የሁለቱ ልዩነት የአንድ ፈረስ ቁመት እንኳ አልሞላም። ዶርሙ ጭጭ አለ። ከዚያ አንዱ፣ ከተደረገ ሃምሳ ዓመት ላለፈው ነገር፣ «ወይኔ ክሪስፕ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ምን አስጨነቀህ? አንተ ስትወለድ ፈረሱ ሞቷል!» ብለን ሳቅንበት። ነገር ግን እኛም አልተኛንም። የተሸነፈ ፈረስ ይህን ያህል ዘመን የሚወደደው ለምንድን ነው? ከዚያ ወዲያ ያገኘነውን ሁሉ ማንበብ ጀመርን።

አንደኛው ምክንያት ቆይታቸው ይመስለናል። በለጥ ባለ ሜዳ የሚሮጠው ዝነኛ ፈረስ ብዙ ጊዜ በሦስትና በአራት ዓመቱ ለዘር ይወሰዳል፤ ሕዝቡ ስሙን ሳይለምደው ይሄዳል። የሚዘሉት ግን አብዛኞቹ ሰንጋ ናቸው፤ ዘር የላቸውም። ስለዚህ እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመታቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ይመለሳሉ። ተመልካቹ ሥራ ሲይዝ፣ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ያ ፈረስ እዚያው ነው። እንደ ጎረቤት ማለት ነው።

ሁለተኛው የሸክሙ ነገር ነው። አርክልን እንመልከት። በ1964፣ 1965 እና 1966 ቼልተንሃም ላይ ጎልድ ካፕን ያሸነፈ የአየርላንድ ፈረስ ነው። ከሌሎቹ እጅግ ስለራቀ የአገሩ ሹማምንት ሁለት ዓይነት የሸክም ዝርዝር ለማውጣት ተገደዱ፤ አንዱ አርክል ከገባ፣ ሌላው አርክል ካልገባ። በ1966 ገና ማግስት ሰሞን ኬምፕተን ላይ የኮቴው አጥንት ተሰብሮበት፣ በዚያው ስብራት እስከ መጨረሻው ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። ሰዎች «ይማርህ» እያሉ ደብዳቤ ላኩለት፤ አድራሻው «ለአርክል፣ አየርላንድ» ብቻ የሆነ ሁሉ ይደርስ ነበር አሉ። ለባለቤቲቱ አይደለም፣ ለጋላቢውም አይደለም። ለፈረሱ!

እዚህ ላይ የኛን አገር አሰብን። እኛም ጀግናን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እንላለን። ስሙ ግን ለሰውየው ተላለፈ። ታጠቅ ዳማ ነበር ወይስ ጉራች? ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ሦስተኛው ምክንያት ወድቆ መነሣት ነው። ዴዘርት ኦርኪድ የሚባለው አመድማ ፈረስ በ1983 በመጀመሪያ ውድድሩ ክፉኛ ወድቆ ለብዙ ደቂቃ አልተነሣም ነበር። በ1989 ጎልድ ካፕ ላይ፣ በዝናብና በበረዶ በላቆጠ፣ በማይወደው ጭቃ ላይ ተቀድሞ ሳለ እንደገና ተመልሶ አሸነፈ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ ሰው አለቀሰ።

ሬድ ረም ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ወደኛው ቤት ዞረ። ይህ ፈረስ የኮቴ አጥንት በሽታ ነበረበት። ያሠለጠነው ጂንጀር ማኬይን ታክሲ ነጂና መኪና ሻጭ ነበር፤ ፈረሱን ያሳደረውም ሳውዝፖርት ከተማ፣ ከመኪና መሸጫው ጓሮ ነው። በገዛው ሰሞን ሲያነክስ ቢያየው ወደ ባሕር አስገባው። ሰውየው በልጅነቱ የሽሪምፕ አጥማጆችን ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች አይቷል፤ ጨዋማው ውሃ ለታመመ እግር እንደሚበጅ የተማረው ከነሱ ነው። ሬድ ረም ከውሃው ሲወጣ ማንከሱን ተወ። ከዚያ ግራንድ ናሽናልን በ1973፣ በ1974 እና በአሥራ ሁለት ዓመቱ በ1977 አሸነፈ፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ሁለተኛ ወጣ። በ1995፣ በሠላሳ ዓመቱ ሲሞት የቀበሩት እዚያው ኤይንትሪ፣ መድረሻው መስመር አጠገብ ነው።

ከጋሪ ፈረስ የተገኘ መድኃኒት! ይህን ስናነብ ሁለታችንም ተያየን።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ወፍጮ ቤት ይመላለሳል። ደብተራችንና ዩኒፎርማችን የወጣው ከሱ ጀርባ ነው። ታላቃችን አሥረኛ ክፍል ሳለ የፊት እግሩን ያነክስ ጀመር። ባጃጅ በዝቷል፤ ገለባ ተወዷል። አንድ ቀን ማታ አባታችን ይዘውት ወጡ። ሲመለሱ በእጃቸው ልጓሙ ብቻ ነበር። እማዬ እራት አቀረበች። ሌሊት ጅቡ ሲጮኽ ብርድ ልብስ ተከናንበን ሰማን። ማንም ምንም አልጠየቀም። የኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ ያረጀ የጋሪ ፈረስ መንገድ ዳር ተለቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ያላየ ማን አለ?

ፈረንጆቹንም መላእክት አናድርጋቸው። ዶውን ረን የተባለችው ባዝራ በ1986 ጎልድ ካፕን አሸንፋ ሕዝቡ ሊበላት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ፓሪስ ወስደው አወዳደሯት፣ ወድቃ ሞተች። በ2012 ግራንድ ናሽናል ላይ ሁለት ፈረሶች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በ2013 የአጥሮቹን የእንጨት አጽም በለስላሳ ፕላስቲክ ለውጠዋል፣ በ2024 ደግሞ የተወዳዳሪውን ቁጥር ከ40 ወደ 34 ቀንሰዋል። ቢሆንም «ይህን ያህል ከወደዳችኋቸው ለምን ትገድሏቸዋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም አልተዘጋም። ሐውልት ዕዳን አይከፍልም። ግን ቢያንስ ዕዳ መኖሩን ያስታውሳል።

ባለፈው እሑድ ደወልን። ድምፅ ማጉያውን ከፍተን ሁለታችንም አጎነበስን።

«አባባ፣ ቦራን ያን ማታ የት አደረሱት?»

ብዙ ዝም አሉ። «ከወንዙ ማዶ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ተከትሎኝ ተመለሰ። በሦስተኛው ድንጋይ ወረወርሁበት።» ቆይተውም፣ «ያኔ የናንተ መመዝገቢያ ነበር። ምን ላድርግ ልጆቼ?» አሉ።

«አይ፣ እንዲሁ ነው አባባ» አልናቸው። አባታችንን ልንወቅስ አልነበረም የደወልነው፤ ገንዘቡን የተማርንበት እኛ ነን።

የሚወደድ ፈረስ የሚመለስ ፈረስ ነው ብለን ነበር። የኛም ሁለት ጊዜ ተመልሷል። መቃብር የለውም፣ መድረሻ መስመርም አልነበረውም። ስለዚህ ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ አኑረነዋል፤ ቦራ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ጋሪ ስትሳፈር ከሂሳቡ በፊት የፈረሱን ስም ጠይቅ።