ከማን ምድጃ ተጫረ?

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ እንደ አቀስታ ባለ ውርጭ አገር እሳቱ የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ጎረቤት ይልካል፤ እሳት ጭራ እንድትመጣ። ልጅቱ ስትመለስ ፍሙ ከስሎ ወሬው ግሎ ይገኛል። የእሳትና የምላስ ዝምድና ከየት መጣ ለሚለኝ፣ ምዕራፍ ከመጥቀሴ በፊት ይህችን ልጅ አሳየዋለሁ።

ሐዋርያው ያዕቆብ ምላስ እሳት ናት ሲል ሰው የሚይዝለት የሚነደውን ጫካ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የተጫረችበትን ቤት መናገሩ ነው፦ ገሃነም። የኢሳይያስን ከንፈር የነካው ፍምም ከመሠዊያ በጉጠት የተወሰደ ነው። በጰራቅሊጦስ በሐዋርያት ላይ ያረፉት የእሳት ልሳኖች ከላይ መጡ። ኤርምያስ ዝም ልበል ሲል አጥንቱ ውስጥ የነደደበትም የራሱ ቃል አልነበረም። (ይህን የነገርኳት አንዲት ጎረቤቴ፣ «እኔንስ እንደሱ አይደል የሚያደርገኝ!» አለች።) እሳቱን ከገዛ ምድጃው ያወጣ ተናጋሪ አላገኘሁም፤ ሁሉም ጭሮ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ እንጨት ሲያልቅ እሳት እንደሚጠፋ፣ ሐሜተኛ ሲታጣም ጠብ እንደሚበርድ ይናገራል። ሰሎሞን ደጋ ወሎን አላየም። እዚህ እንጨቱ ከሳሳ ቆየ፤ ኩበት ግን አለ። ኩበትን የሚያውቅልን ሕዝቅኤል ነው፤ እንጀራውን በከብት ኩበት እንዲጋግር ተፈቅዶለታል።

አባቶች የኢሳይያስን ፍም በሥጋ ወደሙ ይተረጉሙታል። ነቢዩ ፍም ሲነካው «እኔን ላከኝ» አለ፤ የእኛ ቆራቢ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ዝም ይላል። የሰፈሩ ሰው ቢያንስ ያን ቀን ያርፋል።

ከአቀስታ በስተምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው፣ ሰዓታቱን የደረሰው እሱ ነው። እንደ ገድሉ ከሆነ ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባህ ብሎት ለመነኮሳቱ እህል ይፈጭ ነበር። አእምሮውን የከፈተችለት እመቤታችን ናት፤ ያውም በፍም ሳይሆን ጽዋ አጠጥታ። ለነቢዩ የሚፋጅ፣ ለወሎው ፈጪ የሚጠጣ! ከዚያ በኋላ ግን የድርሰቱን ብዛት ላየ፣ አባ ጊዮርጊስን ዝም በል ቢሉት ከኤርምያስ የተሻለ የሚችል አይመስለኝም።