ጠለፋና ጥልፍ

እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን በረንዳው ላይ ታወጣና የሰው የሠርግ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ መርፌዋን ወደ ላይ ወደ ታች ስታመላልስ፣ እኔ ከሜዳ እያነከስኩ እደርሳለሁ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ጠለፉኝ።»

ቀና ሳትል ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ፣ «እኔም ስጠልፍ ነው የዋልኩት፤ ቀሚሱ ግን አላለቀሰም» ትለኛለች።

ቀልዷ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አማርኛ የቀሚስ አንገት የሚያስጌጠውንም፣ ልጃገረድ አስገድዶ የሚወስደውንም፣ አውሮፕላን መንገድ የሚያስቀይረውንም፣ ኳስ ይዞ የሚበር ልጅ እግር የሚያጠምደውንም በአንድ ቃል ይጨርሳል፤ ጠለፈ። እግር ኳስ ደግሞ ጠላፊዎቹን አንድ ሜዳ ላይ ያገናኛል፤ አንዱ በኳስ ይጠልፋል፣ ሌላው እሱኑ ይጠልፈዋል።

የሰፈራችን ጠላፊ አንድ ነበር። ስሙን አልጠራም። ያኔ «እሱ» ነበር፣ ዛሬ «እሳቸው» ሆነዋል፤ እኔም እንደ ዘመኑ እየቀያየርኩ እጠራቸዋለሁ። ከኛ አምስት ስድስት ዓመት ይበልጣል። እኛ በባዶ እግር ወይ በሸራ ጫማ ስንጫወት እሱ ብቻ ታኬታ ነበረው፤ ከየት እንዳመጣው ያወቀ የለም። ኳሳችን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ የተሰፋች ስለነበረች አትነጥርም፤ እግር ሥር ትውላለች፤ ለአብዶ ትመቻለች። አብዶ የሚሠራ ልጅ ግን በዓይኑ ኳሷን፣ በጆሮው ከኋላ የሚመጣውን የታኬታ ኮቴ መከታተል ነበረበት።

አንድ ቅዳሜ ኳሷን በእግሮቹ መሃል አሳለፍኩበት። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ይቅር ይለኝ ነበር። ሜዳው ዳር የተደረደረው ሕዝብ ሲስቅ ግን እኔም ዞር ብዬ ሳቅሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ሰማዩን ነው።

ወጌሻው እግሬን በቅቤ እያሹ «ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብዬ ነበር፤ የሱን ሥራ አውቀዋለሁ» አሉ፤ ልክ እናቴ የሌላ ሴት ጥልፍ ከሩቅ እንደምትለየው። ከዚያ ቀን የቀረችኝ የቡና ፍሬ የምታህል ጠባሳ ዛሬም ግራ ቅልጥሜ ላይ አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ብረሳ እንኳ ክረምት በገባ ቁጥር ቅልጥሜ ያስታውሰኛል።

ጠላፊያችን ዛሬ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ስንቱ ዳኛ ከሜዳ ሊያስወጣው ያልደፈረ ሰው ራሱ ዳኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ካለች ቡና ቤት ተቀምጠን የእንግሊዝን ጨዋታ እናያለን። አጥቂ በወደቀ ቁጥር እሳቸው ይነሳሉ። «ይሄም ጥፋት ሆኖ ፊሽካ! ነካው እንጂ መቼ መታው? ድሮ ኳስ ኳስ ነበር!» ወጣቶቹ ይስቃሉ። እኩዮቼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን እጄ ቅልጥሜን ያሻል። ይህ ሲደጋገምብኝ፣ የጠባሳዬን ዘር ማንዘር ልቁጠር፣ የዚህ ፊሽካና የዚህ ካርድ አባት ማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ተነሳሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩም የሚጀምረው ከፈረንጅ አገር ነው።

ለካ የሚጀምረውም ከቅልጥም ኖሯል። በ1863 ለንደን ውስጥ፣ ፍሪሜሶንስ ታቨርን በሚባል መጠጥ ቤት፣ የክለቦች ተወካዮች የጋራ ሕግ ለማውጣት ተሰበሰቡ። ክፉኛ ያጨቃጨቃቸው ጉዳይ የተጋጣሚን ቅልጥም መምታት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ነበር። የብላክሂዝ ክለብ ተወካይ ይህ ከቀረ የጨዋታው ወንድነት ይጠፋል፣ አንድ ሳምንት የተለማመዱ ፈረንሳዮች አምጥቼ አሸንፋችኋለሁ ብሎ ፎከረ። ተሸነፈ። ብላክሂዝም ማኅበሩን ጥሎ ወጣ፤ ኋላ የራግቢን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እንግዲህ እግር ኳስ የተወለደው «ቅልጥም አይመታም» በሚል ውሳኔ ነው። የዕድራችን ዳኛ የሚናፍቁት ድሮ ከመጀመሪያውም በስብሰባ ተሽሯል፤ ቃለ ጉባኤው እኛ ሰፈር ሳይደርስ ቀረ እንጂ።

ውሳኔ ግን ብቻውን ቅልጥም አያድንም። በ1874 የኖቲንግሃም ፎረስቱ ሳም ዊዶውሰን የክሪኬት የእግር መከላከያውን ቆርጦ አሳጠረና ከካልሲው በላይ አስሮ ሜዳ ገባ። ተሳቀበት ይባላል። ፊፋ የቅልጥም መከላከያን ግዴታ ያደረገው በ1990 ነው፤ ሳቁ 116 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

የካርዱ የዘር ሐረግ ደግሞ ኬን አስተን የሚባል እንግሊዛዊ መምህርና ዳኛ ዘንድ ይደርሳል። በ1962 የዓለም ዋንጫ ቺሊና ጣሊያንን ሳንቲያጎ ላይ የዳኘው እሱ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት የተሠራው ገና በ12ኛው ሰከንድ ነበር። ፖሊስ እየደጋገመ ሜዳ ገባ። የቦክሰኛ ልጅ የሆነው ቺሊያዊው ሊዮኔል ሳንቼስ በግራ ቡጢ የጣሊያኑን ማስኪዮን አፍንጫ ሰበረ። ሁለት ጣሊያኖች ተባረሩ፤ ሳንቼስ ጨዋታውን በሰላም ጨረሰ። ቺሊ 2 ለ 0 አሸነፈች።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ እኛም አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ በልተናል። ይህን ሳነሳባቸው ጋሼ፣ ያው ጠላፊያችን፣ ጠረጴዛውን መቱ። «ያለ ካርድ! ያለ ካርድ እኮ ነው የበላነው!» እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎች ስለዚያ ቀን ሲያወጉ የሰማሁት የመንግሥቱ ወርቁን ጎልና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሡ እጅ ዋንጫ መቀበሉን ነው። ማን የማንን ቅልጥም እንደመታ ሲነሳ አልሰማሁም። ትዝታ ጥልፉን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጠለፋውን አውጥቶ ይጥላል።

በ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አስተን የዳኞች ኃላፊ ነበር። እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ ጀርመናዊው ዳኛ የአርጀንቲናን አምበል ራቲንን ውጣ አለው። ዳኛው ስፓኒሽ አይሰማ፣ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅ፤ ሰውየው አስተርጓሚ አምጡልኝ እያለ ለደቂቃዎች አልወጣም ብሎ ቆመ። አስተን ይህን እያብሰለሰለ መኪናውን ሲነዳ ኬንሲንግተን ሃይ ስትሪት ላይ የትራፊክ መብራት ያዘው። ቢጫ፣ ተጠንቀቅ። ቀይ፣ ቁም። አስተርጓሚ የማይፈልገው ቋንቋ መንገድ ዳር እንጨት ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቀው ኖሯል።

በዚያው ውድድር ፔሌን ቡልጋሪያና ፖርቱጋል ተቀባብለው ቀጥቅጠውታል። ቅያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ የፖርቱጋሉን ጨዋታ እያነከሰ ጨረሰ፤ ብራዚልም ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። በ1970 ሜክሲኮ ላይ ካርድና ቅያሪ ተያይዘው ወደ ዓለም ዋንጫ ገቡ። ፔሌም ተመልሶ መጥቶ ዋንጫውን በላ። በዚያ ውድድር አንድም ቀይ አልተመዘዘም። የመጀመሪያው የወጣው በ1974 ነው። ለማን? ለጠላፊ እንዳይመስላችሁ። ቺሊያዊው አጥቂ ካርሎስ ካዜሊ ጀርመናዊው በርቲ ፎግትስ ሲያንገላታው ውሎ ቢብሰው አንዴ መለሰለት፤ ቀዩም ለእሱ ወጣ። በልጆች ጠብም ቢሆን የሚያዘው መላሹ ነው።

የዳኞችም እጅ ለመፍታታት ጊዜ ፈጅቷል። በ1970 ቼልሲና ሊድስ የኤፍ ኤ ዋንጫን ፍጻሜ በድጋሚ ሲጫወቱ፣ ዳኛው ኤሪክ ጄኒንግስ በ120 ደቂቃ ውስጥ የመዘገቡት የአንድ ተጫዋች ስም ብቻ ነበር። በ1997 ዳኛ ዴቪድ ኤለሪ ፊልሙን በዘመኑ ሕግ ቢያየው 6 ቀይ ካርድ አገኘበት። በ2020 ማይክል ኦሊቨር አየው፤ 11 አደረሰው። የተረገጠው ቅልጥም ያው ነው፤ የሚያየው ዓይን ነው የተለወጠው።

ካርዱ ኪስ ከገባ በኋላም ቢሆን፣ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ባርሴሎና ላይ ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ጀንቲሌ በአንድ ጨዋታ ማራዶና ላይ 23 ጊዜ ጥፋት ሠርቶ የደረሰበት ቅጣት አንድ ቢጫ ነው። ጀንቲሌ በጣሊያንኛ ደግ፣ ጨዋ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መልአኩ ኳስ አይከታተልም መሰለኝ። በዓመቱ የቢልባኦው ጎይኮቼያ የዚሁኑ የማራዶናን ቁርጭምጭሚት ሰበረ፤ የሰበረበትን ታኬታም እቤቱ መስታወት ውስጥ አስቀመጠው። ይህን ስተርክላቸው ጋሼ ስኒያቸውን እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ተንፍሰው፣ «የኔን ውሻ በላው» አሉ።

እኔ ራሴ ግን ንጹሕ አይደለሁም። የ1990ውን የዓለም ዋንጫ የካሜሩንና የአርጀንቲና ጨዋታ በቪዲዮ ካሴት ስንቴ እንዳየነው አልቆጥረውም። ካሜሩን አንድ ተጫዋች ተቀንሶባት 1 ለ 0 እየመራች ነው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። የአርጀንቲናው ካኒጂያ ፀጉሩን እያበነነ ከራሱ ሜዳ ተነሳ። አንዱ ሊጠልፈው ሞከረ፤ ዘለለው። ሁለተኛው መጣ፤ እየተንገዳገደም ቢሆን አመለጠው። ሦስተኛው ማሲንግ ነው። ማሲንግ ኳስ ፍለጋ አልመጣም። ካኒጂያ ወደ አንድ ጎን፣ የማሲንግ ጫማ ወደ ሌላ ጎን በረሩ። ሰፈሩ በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ካሴቱን መልሰን እንደገና አየናት። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጠላፊው የራስ ወገን ሲሆን ጠለፋውም ጥልፍ ይመስላል።

ጋሼ ይህን ድካሜን ያውቃሉና ክርክራቸውን ከዚያ ይጀምራሉ። «ማራዶናን ማን ሠራው? እኛ!» ይላሉ፤ «እኛ» ሲሉ ጀንቲሌን፣ ጎይኮቼያንና ራሳቸውን ነው። በ1986 ሜክሲኮ ላይ ማራዶና ላይ 53 ጊዜ ጥፋት ተሠርቷል። እንግሊዝ ላይ ያገባትን ሁለተኛ ጎል ስታዩ ኳሷን ትታችሁ እግሮቹን ተመልከቱ፤ መሬቱ የጋለ ምጣድ ይመስል አንዴ ረግጦ አይቆይበትም። ያን አረጋገጥ ያስተማሩት ሊረግጡት የመጡት ናቸው ባይ ናቸው ጋሼ። መርፌ ካልወጋ ጥልፍ ከየት ይመጣል?

ክርክሩ ይጥማል። እኔም አንድ ሰሞን አምኜበት ነበር፤ ሆላንዳዊው አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተን ትዝ እስኪለኝ ድረስ። እሱም የተማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። በ1993 ሙኒክ ላይ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ፍጻሜ ሲጫወት 28 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቁርጭምጭሚቱ የተነሳ አንድም የውድድር ጨዋታ አልተጫወተም። ሁለት ዓመት ሐኪም ለሐኪም ዞሮ በ1995 ማቆሙን ተናገረ። ከኋላ መጥቶ ተጋጣሚን ለአደጋ የሚያጋልጥ ጠለፋ በቀይ እንዲቀጣ ሕግ ላይ የተጻፈው በ1998 ነው። ለቫን ባስተን ዘገየ። እኛ «ድሮ» ብለን የምናወራው ያመለጡትን ቆጥረን ነው፤ ያላመለጡትን የሚያስታውስ ወጌሻ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ደርድሬ ስጨርስ፣ «ደግሞም ጋሼ፣ እርስዎ ሲጫወቱ ቢጫ ካርድ ነበረ እኮ» አልኳቸው።

«እኛ ሰፈር አልደረሰማ!»

ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩና ጠባሳዋን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው ዳበስ፣ ዳበስ አደረጓት።

«ይቺ የኔ ናት?»

«የእርስዎ ናት።»

ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በእግሬ መሃል አሳለፍክብኝ እኮ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ» አሉኝ።

አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ተወጋሁ እያልኩ ጠባሳ ስቆጥር፣ ለካ እሳቸውም ተወጋሁ ብለው ይዘውት ኖረዋል። የማይረሳው የተወጋ ከሆነ ያን ቀን ሜዳው ላይ ሁለት ተወጊ እንጂ ወጊ አልነበረም።

ጨዋታው አልቆ ለመሄድ ሲነሱ ጉልበታቸው እንደ ድሮው አልታዘዝ አላቸው። አንድ እርምጃ እንደተራመዱ ወለሉ ላይ የተዘረጋው የቴሌቪዥን ገመድ እግራቸውን ያዘው፤ ዘልዬ ብብታቸውን ባልይዝ ኖሮ ስኒዎቹ ላይ ነበር የሚወድቁት።

«ጠለፈኝ!» አሉ።

ቡና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንዴ ስቄ አይቼዋለሁ።