ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

በካርቱም ባሕሪ በኖርንባቸው ዓመታት የሳምንቱ ዕረፍታችን ዓርብና ቅዳሜ ነበረ። ባሕሪ በጥቁር ዓባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ በጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁት እኔ፥ በክረምት ወራት ደፍርሶ የሚወርደውን ጎርፍ ባየሁ ቍጥር «ይህ ያገሬ አፈር ነው» እያልሁ ለልጆቼ አሳያቸው ነበር። ዳሩ ግን ያገሬን ውኃ በማወቄ የሰውን አገር ውኃ ሁሉ ያወቅሁ መስሎኝ ኖሮ፥ አንድ ቀን ልጄን ላጣ ምንም አልቀረኝም። ነገሩም እንዲህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ሙቀቱ እጅግ በርትቶብን ነበርና፥ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ የዕረፍቱን ቀኖች በጀበል አውሊያ እንድናሳልፍ ለመኑኝ። ጀበል አውሊያ ከካርቱም በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነጭ ዓባይ ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 የተፈጸመው ግድብ ውኃውን ወደ ኋላ ስለሚያግደው ወንዙ በዚያ ሰፍቶ ሐይቅ ይመስላል፤ የካርቱምም ሰው ዓሣ ለመብላትና ነፋስ ለመቀበል ወደዚያ መሄድ ልማዱ ነበረ።

ዓርብ ማለዳ ዕቃችንን በመኪና ስንጭን፥ ልጆቼ እንደ አገሬው ልማድ «ሐቦባ»፥ ማለት «አያቴ»፥ እያሉ የሚጠሯቸው ሱዳናዊት ጎረቤታችን ወጥተው ሰማዩን አዩና «ልጄ፥ ነፋስ የሌለው የሐምሌ ቀን አይታመንም። ወደ ደቡብ እየተመለከታችሁ ዋሉ። ልጆቹም ውኃ ከመግባታቸው በፊት ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ» አሉኝ። እኔም እየሳቅሁ «እናቴ፥ አያስቡ፤ እኔ የውኃ ልጅ ነኝ» ብዬ መለስሁላቸው።

ጀበል አውሊያ ደርሰን በአንድ ግራር ጥላ ሥር ምንጣፋችንን አነጠፍን። ባለቤቴ ከቤት ያመጣችውን እንጀራ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር አቀረበችልን፤ በልተንም ቡና ጠጣን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የዐሥር ዓመቱ ልጄ «አባባ፥ እግሬን ብቻ ልንከር» ቢለኝ፥ ማንንም ሳልጠይቅ ፈቀድሁለት። ባጠገባችን መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱን መጠየቅ ግን ክብሬን የሚነካ መሰለኝ።

በጣና አዞ የለም፤ የምንፈራው ጕማሬን ነው። ስለዚህ ዓይኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከውኃ በላይ ብቅ የሚል ጆሮና ወፍራም አፍንጫ መፈለግን እንጂ፥ የሚንሳፈፍ ግንድ መጠርጠርን አልተማረም። ከልጄ በስተ ግራ አንድ ግንድ ሲንሳፈፍ አየሁና ምንም ሳላስብ ወደ ቡናዬ ተመለስሁ።

ሽማግሌው «ቲምሳሕ! ቲምሳሕ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ። ቃሉ በዐረብኛ አዞ ማለት መሆኑን ባውቅም እግሬ አልታዘዘልኝም። እርሱ ግን መረቡን ጥሎ፥ መቅዘፊያውን አንሥቶ፥ ውኃውን እየመታ ገባ፤ ልጄንም በክንዱ ይዞ ወደ ደረቁ ምድር ጐተተው። ግንድ ያልሁት ነገር ድምፅ ሳያሰማ ወደ ጥልቁ ሰጠመ። ልጄ አላለቀሰም፤ እናቱ ግን አለቀሰች። ሽማግሌውም አልተቈጣኝም፤ «ከየት ነህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

በዚህ ድንጋጤ ላይ ሳለን ሽማግሌው ወደ ደቡብ ተመለከተ። እኔም ሐቦባ ያሉኝን አስታውሼ ዞር ብል፥ ከምድር እስከ ሰማይ የቆመ ቡናማ ግድግዳ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። ይህ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ነው። ከነጐድጓድ ደመና የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬቱን መትቶ ወደ ፊት ሲገሠግሥ፥ የደረቀውን አፈር አንሥቶ አንዳንድ ጊዜ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ያደርሰዋል።

እኔ ቤተሰቤን ወደ መኪናው እየገፋሁ «ሳይደርስብን እናምልጥ» አልሁ። ሽማግሌው ግን እጄን ይዞ «ከሀቡብ ጋር እሽቅድምድም የለም። ወደ ቤቴ ግቡ» አለኝ። ዳግመኛ እንቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ከጭቃ ወደ ተሠራችው ቤቱ ገብተን በሩን ዘጋን፤ አፍና አፍንጫችንንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንን። ወዲያው ቀኑ ሌሊት ሆነ፤ የገዛ እጄን እንኳ ማየት አልቻልሁም። ታናሽቱ ልጄ ትንፋሿ እያጠራት በደረቴ ላይ ተለጥፋ ቆየች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አቧራው ሳስቶ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ ወደ ባሕሪ ስንመለስ በመንገድ ዳር ሁለት ተጋጭተው የቆሙ መኪናዎች አየን። ባለቤቴ አየችኝ፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረችም።

ለሽማግሌው ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። «ወዳገርህ በመጣሁ ጊዜ አንተም እንዲሁ ታደርግልኛለህ» አለኝ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። እኛም እንደ ብዙ ሰው ባሕሪን ትተን በመተማ በኩል ወዳገራችን ገባን፤ ዛሬ የምንኖረው በባሕር ዳር ነው። ስለ ሐቦባና ስለ ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ወሬ የለም።

ባለፈው ጊዜ አንድ ማታ በጣና ዳር ስንሸራሸር፥ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ አንድ ሱዳናዊ አባት ከልጁ ጋር ጫማውን ሲያወልቅ አገኘሁት። «እዚህ አዞ እንደሌለ ነግረውኛል» አለኝ በዐረብኛ። እኔም «እውነት ነው፤ ነገር ግን ጕማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው» ብዬ የልጁን እጅ ያዝሁ። አባትየውም ደንግጦ አመሰገነኝ።

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ፤ ያገሩን ነገር የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው ማለታቸው ነው። ወደ አዲስ አገር ለሥራም ሆነ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው፥ ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፥ በዳር መረብ የሚጠግነውን ሽማግሌ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጥያቄ ክብርን አይቀንስም፤ እኔ ግን ይህን የተማርሁት በልጄ ሕይወት ተወራርጄ ነው።