«አምፕ ግዛ» ለሚሏችሁ፦ ጆሮ የሚበሳ ትሬብል ከየት ነው የሚመጣው?

ሰሞኑን ስለ ሄድፎን ሁለት መስመር ለጥፌ ኢንቦክሴ ተጨናነቀ። ጥያቄው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቲቸር፣ 250 ኦም ሄድፎን ከውጭ ተልኮልኝ ነበር፣ ትሬብሉ ጆሮዬን ሊበሳው ነው፣ የትኛውን አምፕ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ረጅም ነው፣ ሻይ ቢጤ ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ምን አገባህ እንዳትሉኝ። የሙዚቃ ዕቃ ሰብሳቢ አይደለሁም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ዲፕሎማዬን ይዤ ዲግሪውን በክረምት በክረምት እየጎተትኩ ያለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። የብሬል መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ማታ ማታ የታሪክና የጂኦግራፊ መጽሐፋቸውን እያነበብኩ እቀዳለሁ፣ ላፕቶፕ ላይ አስተካክዬ በሚሞሪ ካርድ እሰጣቸዋለሁ። ይሄን የሰማ የአክስቴ ልጅ ከጀርመን አንድ ያገለገለ የስቱዲዮ ሄድፎን ላከልኝ። የምርቱን ስም አልጠራም፤ ጀርባው ክፍት የሆነ፣ ባለ 250 ኦም ነው። ምቾቱን ብትጠይቁኝ ሦስት ሰዓት ብታደርጉት አይከብድም። ግን «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» እና «ቸ» ላይ ሲደርስ መርፌ ነው። አማርኛችን ደሞ እነዚህን ፊደላት መቼ ይቆጥባል?

የጆሮ ሕመም ብቻ ቢሆን ታግሼ እቀመጥ ነበር። ነገሩ ከዚያ ይከፋል። አንድ ሰው በእንዲህ ዓይነት ሄድፎን እየሰማ «ኧረ ይሄ ቅጂ ሹል ነው» ብሎ ትሬብሉን ቢቀንስ፣ የቀነሰው ከሄድፎኑ አይደለም፤ ከቅጂው ነው። ተማሪው ጋ ሲደርስ ያ ቅጂ የሚሰማው በአንዲት ትንሽ የስልክ ስፒከር፣ ያውም ሰው በሚያወራበት ቤት ውስጥ ነው። «ሰራ» እና «ፈራ» የሚለዩት እዚያው ላይኛው የድምፅ ክፍል ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍም «ሲክስቲ» እና «ፊፍቲ» እንደዚሁ። ታሪክ ላይ ስልሳ እና አምሳ ከተምታቱ ተማሪው አለቀለት ማለት ነው። ተማሪዎቹ ደሞ በመደበኛው ፍጥነት አይሰሙም፤ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ አፍጥነው ነው የሚያደምጡት። በዚያ ፍጥነት የደበዘዘ «ሰ» የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ አምፑ እንምጣ። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ጠይቄ ነበር። ልጁ ሳያቅማማ «ወንድሜ፣ ይሄ ሄድፎን ከባድ ነው፣ አምፕ ስለሌለው ነው የሚጮኸው። ባለ ቫልቭ አምፕ አድርግለትና ትሬብሉ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፣ ሥራው መሸጥ ነው። የሁለት ወር ደሞዝ ከማውጣቴ በፊት ግን እዚያው ክፍል ውስጥ የማስተምረውን የኦም ሕግ ልጠይቀው አልኩ።

250 ኦም ማለት ምን ማለት ነው? ሄድፎኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭንና ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ስለሆነ ከረንት በቀላሉ አያሳልፍም፣ በቂ ድምፅ ለማውጣት ቮልቴጅ ይፈልጋል ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስቱዲዮዎች ይህን ይወዱት የነበረው አንዱ ምክንያት ብዙ ሄድፎን ከአንድ አምፕ ላይ በፓራለል ለመሰካት ስለሚመች ነው። አራት ባለ 250 ቢሰካ አምፑ የሚያየው 62.5 ኦም ነው፣ አይጨነቅም።

አሁን ስሌት እንሥራ። ስልካችሁ ግማሽ ቮልት ያወጣል እንበል። በ32 ኦም ኤርፎን ላይ ወደ 8 ሚሊዋት ገደማ ይሰጣል። በ250 ኦም ላይ ግን 1 ሚሊዋት ብቻ። የእኔ ሄድፎን ወረቀት በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል ይላል። ቮልቴጁ ወደ 1 ሲያድግ 102፣ ወደ 2 ሲያድግ 108 ይደርሳል፤ ቮልቴጅ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ጨምሩ። ይሄ ከፍተኛው ጣሪያ ነው። የንግግር ቅጂ በአማካይ ከጣሪያው 20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ በግማሽ ቮልት 76፣ በ1 ቮልት 82 ዴሲቤል አካባቢ እናገኛለን። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ንግግር ለማስተካከል ይሄ ይበቃል። በጣም ዝቅ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ለምሳሌ የክላሲካል ኦርኬስትራ ለሚሰማ ሰው ግን ግማሽ ቮልት ያንሰዋል፤ እሱ አምፕ ቢገዛ አልፈርድበትም።

ድምፅ ማነስና ትሬብል መብዛት ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አምፕ የመጀመሪያውን ያድናል። ሁለተኛውን?

አምፕ ማለት የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ያለው የቮልቴጅ ምንጭ ነው፣ ልክ አስረኛ ክፍል ላይ እንደምናስተምረው ባትሪ። ቮልቴጁን ከሄድፎኑ ጋር ይካፈላሉ። የሄድፎኑ ኢምፒዳንስ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ቢሆን ክፍፍሉም እኩል ይሆናል፣ የድምፁ ቅርጽ አይቀየርም። እንደኔ ዓይነቶቹ ሄድፎኖች ላይ ኢምፒዳንሱ ጎላ ብሎ የሚያብጠው ታች ቤዙ ጋ ነው፣ የሚርገበገበው ሽፋን በተፈጥሮው በሚወዛወዝበት ቦታ። ላይኛው ትሬብል አካባቢ ለውጡ ትንሽ ነው።

አንድ ባለ ቫልቭ አምፕ የውስጥ ሬዚስታንሱ 100 ኦም ነው እንበል። 250 ኦም ላይ ሄድፎኑ ከቮልቴጁ 71 በመቶ ይወስዳል። ቤዙ ጋ 350 ቢደርስ 78 በመቶ ይወስዳል። ልዩነቱ በዴሲቤል ሲሰላ 1 እንኳ አይሞላም። ቤዙ ትንሽ ደመቅ ይላል፣ ሰውየውም «ሞቀ፣ ለሰለሰ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፣ ትንሽ ለውጥ አለ። ግን ላይ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው 5 እና 6 ዴሲቤል ጉብታ ንቅንቅ አላለም። እሱ ያለው ሄድፎኑ ራሱ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ፣ ከጀርባው ያለው ክፍተት፣ የጆሮ ትራሱ፣ የእኛ የጆሮ ቅርጽም ተጨምሮበት ነው የሚፈጠረው። ደህና የተሠራ አምፕ ሁሉ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ከሌላው በትሬብል ይህን ያህል አይለይም።

አንድ ሁኔታ አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ምንጩ ደካማ ሆኖ ቮልዩሙን ጥግ ድረስ ስትገፉት የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሞገድ አዲስ የላይኛ ድምፆች ይወልዳል፣ ጆሮ ላይ ሻካራ ሆኖ ይሰማል። ይሄኔ እውነትም አምፕ ያድናል። እንዴት ትለዩታላችሁ? ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉት። መርፌው ከጠፋ ጥፋቱ የምንጩ ነው፣ ወይም ጮክ አድርጋችሁ ስለምትሰሙ ነው። ዝቅ ብሎም «ሰ» ላይ ከበሳችሁ ግን ሄድፎኑ ነው፤ የሺህ ዶላር አምፕ ብትሰኩበት የሚበሳችሁ መርፌ ያው ነው፣ ጥራት ይጨምር እንደሆነ እንጂ። የእኔ ዝቅ ብሎም ይበሳል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ኢኩዋላይዘር ነው፣ ዋጋውም ነፃ። ዊንዶውስ ላይ ኢኩዋላይዘር ኤፒኦ የሚባል ፕሮግራም አለ። ስልክ ላይ ለሚሰማ ዋቭሌት አለ። የመጀመሪያው ሥራ ጉብታው የት እንዳለ ማግኘት ነው። ኦዳሲቲ ውስጥ «ቸርፕ» በሚለው ከ4 ሺህ እስከ 12 ሺህ ኸርዝ ቀስ እያለ በ30 ሰከንድ የሚወጣ ፉጨት ሠራሁ። ቮልዩሙን በጣም ዝቅ አድርጉ፣ አደራ! ፉጨቱ እየወጣ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ወደ ጆሮ ዘሎ ይገባል። የእኔ 8,200 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ 6 ዴሲቤል ቀነስኩ፣ የስፋት ቁጥሩን 3 አድርጌ፤ ማለትም ጉብታውን ብቻ እንዲልጥ፣ ጎረቤቱን እንዳይነካ። ፉጨቱ የጠፋበት ጉድጓድ ቢኖርም አልሞላሁትም። ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ የራሳችን የጆሮ ቅርጽ ነው፣ ሄድፎኑን ትንሽ ስታዞሩት ቦታውን ይቀይራል።

ማሳሰቢያ፦ ይሄ ማስተካከያ ኮምፒውተሩ ወደ ሄድፎን ሲያወጣ ብቻ የሚሠራ ነው፣ ፋይሉን አይነካም። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ጆሮዬ ዳነ፣ የተማሪዎቹ «ሰ» እንዳለ ቀረ።

ኮምፒውተር የሌለው ደሞ ሶፍት አለለት። አትሳቁ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ኤንኤስ 10 የተባለ ስፒከር ነበረ፤ ትሬብሉ ስለሚጮህ የስቱዲዮ ባለሙያዎች የትሬብል ስፒከሩ ላይ የመጸዳጃ ቤት ሶፍት ይለጥፉበት ነበር፣ በዓለም ታዋቂ ሙዚቃዎች በዚያ ተሠርተዋል። ሄድፎን ላይም ትራሱን አውልቆ አንዲት ነጠላ የሶፍት ሽፋን ክብ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። እንደ ኢኩዋላይዘሩ አንድ ቦታ ለይቶ አይቀንስም፣ ላይኛውን በጅምላ ነው የሚያደበዝዘው። ትራሱን ካወለቃችሁ አይቀር ሁኔታውንም እዩት። ያረጀ ትራስ ይሰፍሳል፣ ስፒከሩ ወደ ጆሮ ይጠጋል፣ ቤዙ ያፈስሳል፣ ትሬብሉ ብቻውን ይቀራል። ያገለገለ ሄድፎን ለተላከላችሁ ግማሹ ችግር እዚህ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ስሌቱን ሠርቶ አምፕ እንደሚያስፈልገው ያወቀ ሰውስ? ሁለት ቮልት የሚያወጣ፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ጥቂት ኦም የሆነ፣ ድምፅ ሳይከፈት «ሽሽሽ» የማይል። ከዚያ በላይ «ሞቃት ነው፣ ሙዚቃዊ ነው» ምናምን የሚለውን ለገጣሚ ተዉት። እኛ አገር ደሞ አንድ ተጨማሪ መስፈርት አለ፦ መብራት። ግድግዳ ላይ የሚሰካ አምፕ መብራት ሲሄድ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። በላፕቶፑ ባትሪ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽዬ ብትገዙ ቅጂያችሁን ትጨርሳላችሁ። የኤርዝ መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣውን «እምምም» የሚል ድምፅም ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ስትሠሩ ትገላገሉታላችሁ።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ይላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 89 ዴሲቤል ላይ 5 ሰዓት ብቻ ናት ለሳምንቱ። ኃይለኛ አምፕ የገዛ ሰው ቁልፉን የት እንደሚያቆመው ይህን አስቦ ይወስን።

የኢኩዋላይዘሩን ሥራ ስጨርስ ለማረጋገጥ አንድ ገጽ ሁለት ዓይነት አድርጌ አዘጋጀሁ። አንዱን ሆን ብዬ ባልታረመው ሄድፎን ለጆሮዬ እስኪመች ትሬብሉን ቆርጬ፣ ሌላውን በታረመው እየሰማሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግረው ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ሰጠሁት። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ፍጥነት አደመጠ። «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ጥርስ የሌለው ሰው ሲያነብ ነው የሚመስለው» አለኝ። «ሁለተኛው?» ስለው ዝም ብሎ ማዳመጡን ቀጠለ፤ ገጹ ሲያልቅ ቀና ብሎ የሚቀጥለው ምዕራፍ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀኝ።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ደውሎ «አምፕ ላክልኝ ብለህ ነበር ወይስ ሰው ነው ያለኝ? ሰው ስለሚመጣ ልግዛልህ» አለኝ። አዲስ የጆሮ ትራስና አሥር ሚሞሪ ካርድ ግዛልኝ አልኩት።